የእማማ አስካለ በሽተኛ

እኛን ከንፋስ ጋር ምን እንዳጣላን እስካሁን አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም። ጠቡ ግን የቆየ ነው። ካላመናችሁኝ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩና መስኮቱን ከፈት አድርጉት። ብዙ አትክፈቱ፤ ጣት የምታስገባ ክፍተት ትበቃለች። ገና አንድ ትንፋሽ ሳትስቡ ከኋላ ወንበር ድምፅ ይመጣል፦ «ወንድም፣ መስኮቷን!» መስኮቷን ምን እንደምታደርጓት አይነገራችሁም። መነገርም አያስፈልገውም፤ እናንተም፣ ተናጋሪውም፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳትም ታውቁታላችሁ። ትዘጋላችሁ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት የጫነው፣ ማታ ሲጠጣ ያመሸው፣ ካልሲውን መቀየር የረሳው፣ ሁላችሁም ተፋፍጋችሁ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተቀበለ በሰላም ትጓዛላችሁ። በዚያ አየር የታመመ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ንፋስ የመታው ግን በየሰፈሩ አለ፤ ስሙ ከነአባቱ ይነገራችኋል።

እንዲህ ስላችሁ እኔ ከዚህ ሁሉ የጸዳሁ እንዳይመስላችሁ። አንገቴን በፎጣ ተጠምጥሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ላብ ላይ ሆኜ በር አጠገብ አልቀመጥም። አሁን የማጫውታችሁ ነገር ባይደርስብኝ ኖሮ ከኋላ ወንበር «መስኮቷን!» ከሚሉት አንዱ ሆኜ እቀር ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዕጣ ነው። እዚሁ አቃቂ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የቤቱን ዕቃ ለሠራተኛው ትቶ ሄደ። እኛም እንዳንጣላ ዕጣ አወጣን። ለአንዱ ብርድ ልብስ፣ ለአንዱ ፔርሙስ፣ ለዘበኛው ለራሱም ለጎረቤቱም የሚበቃ ምንጣፍ ደረሰው። ለእኔ የደረሰችኝ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ትንሽ ከፍ የምትል፣ ነጭ፣ ክብ፣ ጀርባዋ ላይ ባትሪ የሚገባባት ነገር ነበረች። ሰው ሁሉ ዕቃዋን አይቶ እኔን አየኝና «አይዞህ» አለኝ።

ምንነቷን የነገረኝ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽፈራው ነው። «ይሄ ቤት ውስጥ ጣራ ላይ ይሰቀላል» አለኝ። «ጭስ ሲደርሰው ይጮሃል። ከሰል የሚተፋውን መርዝም ያውቃል፤ የማይታየውን፣ የማይሸተውን።»

«የማይሸተውን በምን አሸተተው?» አልኩት።

«እሱን የሠራውን ሰውዬ ጠይቅ» ብሎኝ ወደ ሥራው ሄደ።

ቤቴ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ነው። አባቴ በጭቃ የሠራውን እኔ በደህና ጊዜዬ በሲሚንቶ ለስኜዋለሁ፤ ኮርኒስ አልብሼዋለሁ፤ የእንጨቱን መስኮት አውጥቼ የብረት አስገብቼለታለሁ። ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ክፍተት ሁሉ ሳልሰለች ደፍኜዋለሁ። «አሁን ንፋስ በየት እንደሚገባ አያለሁ» ብዬ ደጅ ቆሜ መፎከሬ ትዝ ይለኛል። ዕጣዬንም ወስጄ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ በሚስማር ሰቀልኳት። ወጥ ቤታችን ጓሮ ነውና የሚያስጮሃት ነገር አላገኘችም። ወራት ሙሉ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ እያደረገች ሥራ ፈታ ተቀመጠች።

ሥራ ፈት አልኩ እንጂ አንድ ሥራ ሠርታለች። ጎረቤታችን ጋሽ ንጉሤ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና ሶፋው ላይ ተደላድለው መብራቱን፣ ውሃውን፣ ቀበሌውን፣ ከቀበሌው በላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ያነሱና ይጥላሉ። ዕቃዋ የተሰቀለች ሰሞን እንደ ልማዳቸው ስለ መብራት መጥፋት ጀምረው፣ ቀና ሲሉ አረንጓዴዋ ብልጭ አለችባቸው። ዝም አሉ። እንደገና ብልጭ አለች። ጋሽ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቢሆንም ቢሆንም፣ ልማቱ ጥሩ ነው» አሉ። ወሬ የምትቀዳ አይደለችም ብዬ ባስረዳቸው አላመኑኝም። ከዚያ ወዲያ በእኔ ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ መንገዱን ያመሰግናል፣ ኮንዶሚኒየሙን ያመሰግናል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር እንደዚያን ጊዜ ሰላማዊ ቅዳሜ አሳልፌ አላውቅም።

ክረምት ገባና ባለቤቴ ሰናይት ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያችን ናት። እናቷ እማማ አስካለ ሊያርሷት ከሰፈራቸው ከበሰቃ መጡ። ሲመጡ የገብስ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ የልብስ ሳጥናቸውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሳቸውን የከሰል ማንደጃ ይዘው ነው። የሰው ማንደጃ አይመቻቸውም። ገና ከመድረሳቸው የአራስ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና መስኮቱን ዘጉ፤ የመስኮቱን ዳር በአሮጌ ጋቢ ቅዳጅ ጠቀጠቁ፤ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ደፈኑ። ግድግዳውን ቀዳዳ ሳላስቀር መለሰኔን አይተው «ጎሽ፣ የሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን ነው» ብለው መረቁኝ። ከአማት እንዲህ ያለ ምርቃት ያገኘ ያውቀዋል፤ ሰሞኑን ቀና ብዬ ነበር የምሄደው።

መብራት በፈረቃ ነበርና ብዙውን ቀን የለም። አቃቂ በክረምት ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጭቃው ከእግር፣ ብርዱ ከአጥንት አይወጣም። ስለዚህ እማማ አስካለ ከሰላቸውን ደጅ ያቀጣጥሉታል። እዚህ ላይ ላማቸው አልችልም። ጭሱ ተጠናቅቆ እስኪወጣ፣ ጥቁሩ ሁሉ ቀልቶ ፍም እስኪሆን በትዕግሥት ያራግቡታል። ከዚያ ነው ወደ አራሷ ክፍል የሚያስገቡት። ጭስ የሚባል ነገር ዓይናችሁን ብታፈጡ አታዩም። ክፍሉ ይሞቃል፤ ሕፃኗ ትተኛለች፤ እናትየው ታንቀላፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃዋ ጮኸች።

ስትጮህ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ ከማለት ወንበሩ ጣለኝ ማለት ይቀላል። እማማ አስካለ «በስመ አብ!» ብለው ከክፍሉ ወጡ። «ምንድን ነው እሱ? ልጄን አስደነገጣት እኮ! አውጣልኝ!» ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳት፤ በእጄ እየጮኸች በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። ትንሽ ቆየችና ጸጥ አለች።

እማማ አስካለ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ምስኪን» አሉ። «አየር ነው ለካ ያጠረው። አስም ይዞታል።»

«እማማ፣ አስም አይደለም» አልኩ። «ከሰሉን ነው የሚናገረው። ከሰሉ ያፍናል እያለን ነው።»

«የቱ ከሰል? የእኔ ከሰል?» ቀና ብለው አዩኝ። «እስቲ ግባና ጭስ ካለ አሳየኝ! ፍም እኮ ነው ያስገባሁት ልጄ፤ ጭሱን ደጅ የጨረሰ ፍም።»

ሽፈራው የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው፦ የማይታይ እንደሆነ፣ የማይሸት እንደሆነ። ጉዳዩን ያበላሸሁት እዚህ ጋ ይመስለኛል። የማይታይና የማይሸት ነገር እንዳለ እማማ አስካለ ድሮም ያውቃሉ፤ እሱም ንፋስ ነው፤ የሚከለከለውም በመዝጋት ነው። ሰናይትን ባማክራት «እማዬ እኮ ሁላችንንም እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችን» አለችኝ። ማስረጃዋ ራሷ ፊቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ ገንፎ እየበላች ነው።

እንግዲህ በቤታችን ሁለት ሥራ ተጀመረ። አንደኛው የእማማ አስካለ ነው። ዕቃዋ በጮኸች ቁጥር ተነሥተው፣ ከሳሎኑ አውርደው፣ እሹሩሩ እንደሚባል ልጅ በነጠላቸው ጫፍ ደግፈው በረንዳ ያስወጧታል። አየር ስታገኝ ዝም ትላለች። «ተሻለው» ይሉና መልሰው ያስገቧታል። ወንበር ላይ መውጣት ሲሰለቻቸው ከኮርኒሱ አስወርደው የሳሎኑ ቡፌ ላይ አስቀመጧት። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ «አራሷ ደህና ናት፣ ሕፃኗም ደህና ናት፣ ይሄ በሽተኛ ብቻ ነው ያስቸገረኝ» ይላሉ። ቀስ በቀስ እንደወደዷት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ አውጥተዋት ሲመለሱ በደረቅ ጨርቅ ሲያብሷት አይቻለሁ።

ሁለተኛው ሥራ የእኔ ነው። እሳቸው በሽተኛዋን ይዘው ሲወጡ እኔ በሌላ በኩል ገብቼ ከመስኮቱ ዳር ቅዳጇን ነቅዬ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እወጣለሁ። እሳቸው ተመልሰው ይዘጉታል። እኔ እከፍታለሁ፤ እሳቸው ይዘጋሉ። ፊት ለፊት አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከአማቴ ጋር እንዲህ ባለ መከባበር የምንጣላ ሆንን። እኔም መስኮቱን በቀን ጥቂት ጊዜ እስከከፈትኩ ድረስ ችግር የለም ብዬ ልቤን አሳረፍኩ።

እሁድ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ብሎ፣ ጎርፉ ግቢ ሊገባብኝ ሲል ዶማ ይዤ በሩ ላይ ቦይ እቆፍራለሁ። ዕቃዋ ውስጥ ጮኸች። «እማማ ያወጧታል» አልኩ ለራሴ፤ በእኛ ቤት ጩኸቷን ያልለመደ ሰው አልነበረም። እውነትም ጥቂት ቆይተው እማማ አስካለ በሽተኛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አረማመዳቸው ግን አላማረኝም። የበሩን መቃን ተደገፉ፤ በረንዳው ላይ ያለችው የእንጨት ዱካ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ እማማ?» አልኩ።

«ራሴን። ከጠዋት ጀምሮ ልቤንም ያጥወለውለኛል። የዚህ ጩኸት ነው የጨረሰኝ።»

ዶማዬን ጥዬ ውሃ ላመጣላቸው ስል በእጃቸው ምልክት አቆሙኝ። ዝናቡን የያዘ ንፋስ ፊታቸውን ይመታዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ይከናነቡ ነበር። አሁን ግን ፊታቸውን ገልጠው ይጠጡታል። ዕቃዋ ጭናቸው ላይ ትንሽ ጮኸች፣ ትንሽ ቆየች፣ ዝም አለች። እማማ አስካለ አዩዋት። ግንባራቸውን ዳሰሱ። እንደገና አዩዋት።

«አንተ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እኔንም እኮ ተወኝ።»

«ምኑ?»

«ራሴን። እሱንም ተወው፣ እኔንም ተወኝ። አንድ በሽታ ነው የያዘን!» ካሉ በኋላ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። «ልጆቼስ?»

ከዱካዋ ሲነሡ አላየኋቸውም። እኔ በረንዳውን ስወጣ እሳቸው ክፍሉ ውስጥ ገብተው ማንደጃውን በነጠላቸው ጫፍ ጨብጠው እየተመለሱ ነበር፤ ከነፍሙ ዝናቡ ላይ ወረወሩት። እኔ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ለካ ቅዳጁን በነቀልኩ ቁጥር መልሶ መጠቅጠቁ ሰልችቷቸው፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የልብስ ሳጥናቸውን አምጥተው ከነትራስ አስደግፈውበት ኖሯል። እኔ ስገፋ እሳቸው ከጎኔ መጥተው በትከሻቸው መቱት፤ ሳጥኑ ተገለበጠ፣ መስኮቱ ተበረገደ። ሰናይት ቀና ለማለት ትሞክርና ራሷ ይከብዳታል። «ተኛሁ እኮ፣ ተዉኝ» ትላለች። ደግፌ አወጣኋት። ሕፃኗን እማማ አስካለ ታቀፏት።

በረንዳው ላይ ቆምን። ሕፃኗ አትነቃም። ጉንጯን ነካ አደረግናት፣ እግሯን ነካ አደረግናት፤ ዓይኗን አትገልጥም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እማማ አስካለ ያን ሁሉ ቀን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው የጠቀለሏትን ልጅ ፊቷን ገለጡ፤ አንገቷን ገለጡ፤ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ንፋሱ አዞሯት። «ተነፍሺ እናቴ። ተነፍሺልኝ» ይላሉ።

ሕፃኗ አፍንጫዋን ሸበሸበች። ከዚያ አስነጠሰች።

ማስነጠስ በእማማ አስካለ ዘንድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ንፋስ መታ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ልጅ ካስነጠሰች ሰፈሩ ሁሉ ይጠየቃል፣ በሩን ማን ከፈተው ይባላል። አሁን ግን ልጂቱ አስነጥሳ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ የተናደደ ለቅሶዋን ስትለቀው፣ እማማ አስካለ ዝናቡ ላይ ቆመው እልል አሉ። ጋሽ ንጉሤ ጃንጥላቸውን ይዘው ሮጠው መጡ። «ምን ተገኘ?» ቢሉ፣ «አስነጠሰች!» አሏቸው። ጋሽ ንጉሤ አንድ ጊዜ ልጂቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩና፣ ምንም ባይገባቸውም «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። እኔ ዱካዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ሄድን። እማማ አስካለ መንገዱን ሙሉ «ሸራውን ግለጠው፣ ግለጠው» እያሉ ባለባጃጁን ዝናብ አስመቱት። ነርሷ እናትና ልጅን መረመረች፤ ኦክስጅን ሰጥታ አስተኝታ አቆየቻቸውና ደህና መሆናቸውን ነገረችን። ከዚያ «ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር?» ብላ ጠየቀች። እኔና ሰናይት መሬት መሬት አየን። እማማ አስካለ ከነጠላቸው ሥር ዕቃዋን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ይሄ ነግሮን ነበር» አሉ። «እኛ በሽተኛ ነው አልነው እንጂ።»

ማታ ቤት ስንመለስ መስኮቱ እንደተከፈተ ነበር። እማማ አስካለ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። «የበሰቃው ቤታችን እኮ» አሉኝ፣ «በየግድግዳው ንፋስ ይገባ ነበር። ስደፍነው ዕድሜዬ አለቀ። አንዱን ስደፍን በሌላው ይመጣል። ልጆቼን እዚያ ውስጥ በከሰል አሳደግኋቸው።» መዳፋቸውን ከልስኑ ላይ አነሡ። «እንኳን ደፍኜ አልጨረስኩት።» እኔም ያን የፎከርኩበትን ልስን አየሁት። በማግስቱ መዶሻ ይዤ ከኮርኒሱ ሥር በዚህም በዚያም ቀዳዳ አበጀሁ፤ እሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ።

ከሰሉ ከዚያ ወዲያ ከደጅ አልገባም። ዕቃዋ ግን ከእኔ እጅ ወጣች። እማማ አስካለ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከማንደጃቸው ጋር ይዘዋት ሄዱ፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አሁን ከበሰቃ እስከ ቃሊቲ ሴት ወለደች በተባለበት ሁሉ ዕቃዋን በነጠላቸው ቋጥረው ይሄዳሉ። ገንፎው ሳይቀርብላቸው በፊት ከአራሷ ራስጌ ያኖሯታል። ከጮኸች አራሷን ያስወጣሉ፣ ማንደጃውን ያስወጣሉ፣ የሚከራከረውን ሰው ያስወጣሉ። ጋሽ ንጉሤም ቅዳሜያቸው ተመለሰላቸው። ሳሎኔ ኮርኒስ ላይ የቀረችውን ሚስማር አዩና፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው፣ ካቆሙበት ከመብራቱ ጀመሩ።

ሰው እንዲህ ይለወጣል ብዬ ላስተምራችሁ ተሰናድቼ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ከእማማ አስካለ ጋር ሳሪስ አራስ ልንጠይቅ ሚኒባስ ተሳፈርን። ፀሐዩ አያድርስ ነው፤ ታክሲው ከልክ በላይ ሞልቷል፤ አንዱ ላቡ የሚንቆረቆር ሰውዬ ፊታችን ተቀምጦ መስኮቱን ጣት የምታስገባ ያህል ከፈተ።

«ወንድም፣ መስኮቷን!» አሉ እማማ አስካለ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። «እማማ» አልኩ በጆሯቸው፣ «አየር እኮ ነው። ረሱት እንዴ?»

«ምን እረሳለሁ?» አሉ። ነጠላቸውን ፈቱና ዕቃዋን አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። «ይኸው፣ ዝም ብሏል። ከሰል ቢኖር ይናገር ነበር። ከሰል ከሌለ ታዲያ በምን ምክንያት ብርድ ያስመታናል?»

ሰውየው እማማ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ለማየት ዞረ። ነጯን ነገር አየ። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለችበት። መልሶ ዞረና መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዘጋ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ታክሲው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ተናገረ።

«መንገዱ ግን» አለ፣ «በጣም ጥሩ እየተሠራ ነው።»